ሥልጠናው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፦ የምግብ ንጽሕና ልማድ በወጥ ቤት ውስጥ እንዴት ይጸናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 22 ሠራተኞች ያሉት ምግብ ቤት አስተዳድራለሁ። በየ6 ወሩ ባለሙያ እየጠራን ሙሉ ቀን እናሠለጥናቸዋለን፤ ፈተና ይወስዳሉ፣ ምስክር ወረቀትም ያገኛሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ሁሉም ነገር ያምራል። ከዚያ እጅ መታጠቡም፣ መክተፊያ መለየቱም፣ የፍሪጅ መዝገቡም ወደነበረበት ይመለሳል። ከደመወዝ መቅጣት ጀምሬ ነበር፤ ያመጣው ለውጥ የለም። ካሜራ ላስገባ? ወይስ ሥልጠናውን በየ3 ወሩ ላድርገው?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥልጠናውን በየ3 ወሩ ካደረጉት በዓመት አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ጥሩ ሳምንት ያገኛሉ፤ አሁን የሚያገኙት ሁለት ጊዜ ነው። ከዚያ የዘለለ ለውጥ አይጠብቁ። ወደ ካሜራውና ወደ ቅጣቱ እመለሳለሁ።

ሠራተኞችዎ ፈተናውን አልፈዋል። ጥሬ ዶሮ የነካ እጅ መታጠብ እንዳለበት ያውቃሉ ማለት ነው። የሚሳቱት በምሳ ግርግር ላይ፣ ስድስት ትእዛዝ ተደርድሮ፣ አስተናጋጁ በመስኮት እየተጣራ፣ ሁለት እጃቸው በሥራ በተያዘበት ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት እውቀት ብዙም አይሠራም፤ እጅ የለመደውን ያደርጋል። እጅ ደግሞ አዳራሽ ተቀምጦ በመስማት አይለምድም። እዚያው ምድጃው አጠገብ፣ ያንኑ ነገር፣ በዚያው ሰዓት ሲደጋግም ነው የሚለምደው።

ሁለት ሳምንቷም ያለ ምክንያት አልመጣችም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ሰዎች አንድ አዲስ ነገር በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ሲያደርጉ (ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላትን የመሰለ ቀላል ነገር) ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደፈጀ አሳይቷል። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ፤ ሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገመተ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። እነዚህ ሰዎች ልማዱን በፈቃዳቸው የመረጡ፣ የሚያጣድፋቸውም ያልነበረ መሆኑን አይርሱ። የእርስዎ ሥልጠና ግፊቱን የሚያቆመው በ14ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ልማዱ ገና ሳይጸና ማለት ነው። ስለዚህ ለአንድ ዙር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይመድቡ፤ በዚያ ዙርም ከሦስት ነገር በላይ አያስተምሩ።

የትኞቹን ሦስት? ለመጀመሪያው ዙር የምመክርዎ እነዚህን ነው፦ ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም እንቁላል የነካ ሰው ሌላ ነገር ሳይነካ መታጠቡ፤ በትልቅ ድስት የበሰለ ምግብ በጊዜው መቀዝቀዙ፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ወጥ ቤት አለመግባቱ። የፀጉር መሸፈኛ፣ ጥፍርና ቀለበት ይጠበቁ፤ ግን የሥልጠናውን ሰዓት አይብሉት። ሳህን ላይ የተገኘ ፀጉር ደንበኛ ያስቀይማል፤ በደንብ ያልቀዘቀዘ አንድ ድስት ሾርባ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስተኛል። ቁጥጥር የለመደ ወጥ ቤት በዓይን ለሚታየው ነገር ይበልጥ ሲጨነቅ ይገኛል።

ከመጀመርዎ በፊት ይቁጠሩ

ስለ አዲሱ አሠራር ለማንም ሳይናገሩ፣ በጣም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ለ10 ደቂቃ አንድ ቦታ ቆመው ይመልከቱ። በትንሽ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ይሥሩ። አንደኛው ላይ መታጠብ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሁሉ አንድ ጭረት፣ ሁለተኛው ላይ ሰውየው በእርግጥ በታጠበ ቁጥር አንድ ጭረት። ስም አይጻፍም። ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ለምሳሌ ከ20ው 6 ብቻ ከሆነ አይደንግጡ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ምግብ ቤቶች ውስጥ ቆመው ሠራተኞችን ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድ ሠራተኛ በሰዓት 9 ጊዜ ገደማ እጁን ሊያስታጥበው የሚገባ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ለመታጠብ የሞከረው ግን ከሦስቱ አንዱን ያህል ጊዜ ነው። ሥራ ሲበዛ መታጠቡ ይቀንሳል፤ ከአንድ በላይ የእጅ መታጠቢያ ባለበትና መታጠቢያው ከሠራተኛው ዓይን ፊት በሆነበት ደግሞ ይጨምራል።

ይህ ስሌቱን ግልጽ ያደርገዋል። ሄዶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ መመለስ 40 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 9 ጊዜ ማለት በሰዓት 6 ደቂቃ ነው። ያንን 6 ደቂቃ በሥራ ሰዓት ስሌት ውስጥ ያላስገባ አለቃ ሠራተኛውን እንዲዋሽ እያስተማረው ነው።

ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት ቦታውን ያስተካክሉ። መታጠቢያው ከዶሮ መዘጋጃው ከአራትና ከአምስት እርምጃ በላይ ከራቀ፣ መታጠቢያ መጨመር ወይም መዘጋጃውን ማዛወር ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል። የእጅ መታጠቢያ ለእጅ ብቻ ነው፤ ድስት የተዘፈዘፈበት ወይም ሰላጣ የሚታጠብበት ገንዳ ለእጅ ዝግ ነው። ፈሳሽ ሳሙና፣ ወረቀት ፎጣና በእግር የሚከፈት ቆሻሻ መጣያ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ይሁኑ። ቧንቧው በክርን ወይም በጉልበት የሚከፈት ቢሆን መልካም ነው፤ ካልሆነ በወረቀት ፎጣው ይዝጉት።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ልጨምር፤ ሳሙናው ራሱ። በቀን ብዙ ጊዜ የሚታጠብ እጅ በኃይለኛ ሳሙና ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ እጅ ሲታጠብ ያቃጥላል፤ የሚያቃጥለውን ሰው ይሸሻል። የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚወደው ቤት ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ምግብ ላይ የሚተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። ለስላሳ ሳሙና ይግዙ፤ በፈረቃ መጨረሻ የሚቀባ ሽታ የሌለው የእጅ ቅባት ያስቀምጡ። ውሃው ትኩስ መሆን የለበትም፤ ለእጅ የሚመች ለብ ያለ ውሃ ይበቃል።

ሁለተኛው መላ የመታጠቢያ ጊዜዎቹን ቁጥር መቀነስ ነው። ጥሬ ዶሮ በፈረቃው ሁሉ በየግማሽ ሰዓቱ የሚቆረጥ ከሆነ ማንም አይችለውም። ጥሬውን ሥራ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቦታ፣ ጠዋት ላይ በ60 ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው ቦታውን ያጽዱና ይዝጉ። ዶሮውንም አያጥቡት፤ ውሃው ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉትን በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ገንዳው ዙሪያ ይረጫል እንጂ ከሥጋው ላይ አያስወግድም። የሚገድላቸው እሳት ነው።

እጅ መታጠቡን ከአንድ መነሻ ጋር ማሰር

«ሁልጊዜ እጅህን ታጠብ» የሚለው ትእዛዝ መቼ እንደሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ አይሠራም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን የሥራ ቦታ የሚመለከት፣ በአንድ ድርጊት የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ይስጡት፤ ራሱ ቢናገረው ደግሞ ይሻላል። ጥብስ ላይ ያለው «የጥሬ ሥጋውን ትሪ እንዳስቀመጥኩ ወደ ቧንቧው እሄዳለሁ» ይላል። እቃ አጣቢው «ቆሻሻ ሳህን አራግፌ ንጹሑን ከማንሳቴ በፊት» ይላል። ሰላጣ የሚሠራው «ስልኬን ከነካሁ ቢላዋ አልይዝም» ይላል። መነሻው ሁልጊዜ በእጅ የሚደረግ ነገር ይሁን፤ ትሪ ማስቀመጥ፣ በር መክፈት፣ ጓንት ማውለቅ። ሰዓት መነሻ አይሆንም፤ በግርግር ውስጥ ሰዓት የሚያይ የለም።

አጠባቡ ራሱ ረጅም ትምህርት አይፈልግም፦ ማርጠብ፣ ሳሙና፣ 20 ሰከንድ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ በወረቀት ማድረቅ። የሚረሱት ሦስት ቦታዎች አውራ ጣት፣ የጣት ጫፍና የጣቶች መካከል ናቸው። ማድረቁ እንደ ጌጥ አይታይ፤ እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ተሕዋስያን ያስተላልፋል። በሽርጥ ማድረቅ ደግሞ ሥራውን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። የአልኮል ጄል ቅባትና ደም ያለበትን እጅ አያጸዳም፤ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስንም በደንብ አይገድልም፤ ስለዚህ ከቧንቧው አጠገብ ካስቀመጡት የቧንቧው ምትክ ይሆንብዎታል።

ጓንት ላይ ጥብቅ ነኝ። ጓንት የለበሰ ሰው ንጹሕ እንደሆነ ይሰማዋል፤ ጓንቱ ሲቆሽሽም ቆዳው ስለማይሰማው አያውቅም። ለብሶ ዶሮ ይነካል፣ ፍሪጅ ይከፍታል፣ ዳቦ ያነሳል። ጓንት ሳይበስል በሚቀርብ ምግብ ላይ ብቻ ይሁን፤ ከመልበስ በፊት እጅ ይታጠብ፤ ሥራው ሲቀየር ይጣል።

ይህን ሁሉ ለማሳመን ከስላይድ የሚበልጥ አንድ ልምምድ አለ። ምግብ ቤቱ ዝግ በሆነበት ሰዓት፣ በኋላ በሚጣል ቁራጭ ዶሮ ላይ ጥቂት የምግብ ቀለም በዘይት ቀላቅለው ይቀቡ። አንድ አብሳይ እንደ ወትሮው ለ10 ደቂቃ ይሥራ፤ ሌሎቹ ይመልከቱ። ከዚያ ቀለሙ የደረሰበትን አብረው ይፈልጉ፦ የቧንቧው መዝጊያ፣ የፍሪጁ እጀታ፣ የጨው ዕቃው፣ የቢላው እጀታ፣ የስልኩ ጀርባ። ማንንም መስደብ አያስፈልግም፤ ቀለሙ ይናገራል። ካበቃ በኋላ ቦታውን ሁሉ ማጠብና ማጽዳት የልምምዱ ሁለተኛ ክፍል ነው።

ትልቁ ድስት

ብዙ ወጥ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስህተቱም ጥንቃቄ ይመስላል። ምሽት ላይ 20 ሊትር ሾርባ ወይም ስጎ ተርፎ፣ ፈልቶ፣ ተከድኖ «እስኪበርድ» መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ወይም እንዳለ ፍሪጅ ይገባል። ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ተሕዋስያን ይራባሉ። በተመቸ ሁኔታ አንድ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ቢከፈል በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል፤ ከ43 እስከ 47 ዲግሪ አካባቢ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስፖር የሚባለው የተኛ ቅርጹ ፈልቶ አይሞትም፤ እንዲያውም መፍላቱ አየሩን ከምግቡ ያስወጣለታል፤ ኦክስጅን ስለማይወድ ይመቸዋል። የበሰለ ሩዝ ላይ የሚታወቀው ባሲለስ ሴሪየስም እንዲሁ ስፖር አለው፤ ሩዙ ውጭ ካደረ የሚያመርተው አንዱ መርዝ በማግስቱ ቢጠበስም አይጠፋም። «ነገ ደግሜ አፈላዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሊታወስ የሚገባው ልክ ሁለት ደረጃ አለው፦ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከ21 ወደ 5 ዲግሪ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት። የመጀመሪያው ደረጃ ይበልጣል፤ ተሕዋስያኑ የሚሮጡት እዚያ ነው። በ2 ሰዓት 21 ካልደረሰ ወዲያው ከ74 ዲግሪ በላይ አሙቆ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ሳይታወቅ ሰዓቱ ካለፈ ግን ይጣላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወፍራሙን ምግብ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ሰፋፊ የብረት ትሪዎች ላይ ይገልብጡት፤ ብረት ከፕላስቲክ ቶሎ ይበርዳል። ቀጭኑን ሾርባ ድስቱን በበረዶና ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ አቁመው በየ10 ደቂቃው ያማስሉት። በታጠበና በተከደነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቀድሞ የቀዘቀዘ በረዶ በሾርባው ውስጥ እያዟዟሩ ማማሰል ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። ትሪዎቹ ፍሪጅ ሲገቡ አይደራረቡ፤ እስኪቀዘቅዙ ሙሉ በሙሉ አይከደኑ፤ ከላያቸው ምንም እንዳይንጠባጠብ በላይኛው መደርደሪያ ይቀመጡ። ሙሉ ድስት ትኩሱን ፍሪጅ ማስገባት የድስቱን መሀል ለብዙ ሰዓት ለብ አድርጎ ያቆየዋል፤ ጎረቤቱ ያለውን ምግብም ያሞቀዋል።

ይህ ለምን ልማድ ሆኖ አይጸናም? የሚሠራው በፈረቃው መጨረሻ፣ ሰው ሲደክም፣ ትራንስፖርት እንዳያመልጠው ሲቸኩል ስለሆነ ነው። መፍትሔው ምክር አይደለም። ትሪዎቹ ታጥበው፣ በረዶው ተዘጋጅቶ፣ ቴርሞሜትሩ ተሰቅሎ ይጠብቁ፤ ይህም አብሳዩ ከመድከሙ በፊት፣ በምሽቱ ሥራ ጅማሬ ላይ ይደረግ። የሚቀዘቅዘውን መጠን መቀነስም ይቻላል፤ በየቀኑ 20 ሊትር የሚተርፍ ከሆነ ችግሩ የግምት ነው።

የታመመ ሠራተኛ

እዚህ ላይ ሥልጠና ብዙ አይረዳዎትም። ከዚሁ የአሜሪካ ማዕከል በተሰበሰበ ሌላ መጠይቅ ከ5 የምግብ ቤት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ባለፈው ዓመት ተቅማጥ ወይም ትውከት እያለበት ቢያንስ አንድ ፈረቃ እንደሠራ ተናግሯል። መምጣት እንደሌለበት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የቀን ክፍያው እንዳይቀር፣ ሥራ ባልደረባው ላይ እንዳይወድቅ፣ አለቃው እንዳይቆጣ ነው። ኖሮቫይረስ በጣም ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል፤ አንድ ሰላጣ የሚሠራ ሰው በአንድ ቀን ስንቱን እንደሚያዳርስ ያስቡት።

ደንቡ አጭር ነው፦ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ይቀራል፤ ምልክቱ ከቆመ በኋላም 48 ሰዓት ይጨምራል። የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ሐኪም ሳያየው አይመለስም። እጅ ላይ ያለ መግል የያዘ ቁስል ውሃ በማያስገባ ነገር ተሸፍኖ ከላዩ ጓንት ካልተደረገ ምግብ አይነካም። ይህ ደንብ እውነት የሚሆነው ግን ሁለት ነገር ሲኖር ብቻ ነው፤ የቀረው ሰው ደመወዙ ሳይነካ (ቢያንስ ለእነዚህ ቀናት) እና የሚተካው ሰው አስቀድሞ ታውቆ። ለእነዚህ ቀናት የሚወጣው ገንዘብ ምግብ ቤቱ ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ ከሚያስከፍለው ጋር አይወዳደርም። ከዚያ የመጀመሪያው ሰው ደውሎ «አሞኛል» ሲል የሚሰጡት መልስ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይሰማል። «እግዜር ይማርህ፣ ረፍት አድርግ» ካሉ ሌላው ይደውላል። ትንፋሽዎን በረጅሙ ከሳቡ አይደውልም።

ማስተማሩ

የሙሉ ቀን ሥልጠናውን ለአዲስ ደንብና ለሰፊ ማብራሪያ ይተዉት። ልማዱ የሚሠራው ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት በሚደረግ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቆሞ፣ እዚያው የሥራ ቦታው ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይታያል። አንድ ሰው ያደርጋል፣ ሌሎቹ ያያሉ፣ ከዚያ ሁሉም ያደርጋሉ። መጨረሻ ላይ ማብራሪያ አይጨምሩ፤ ይጠይቁ። «ይህ ድስት ከሁለት ሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ላይ ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ?» ሰው ከአእምሮው ፈልጎ ያወጣው መልስ ከተነገረው ይልቅ ይቆያል። ማንበብ የሚቸግራቸው ካሉ፣ እቃ አጣቢዎች መካከል ብዙ ጊዜ አሉ፣ ይህ መንገድ ከጽሑፍ ፈተና ይልቅ እውነቱን ያሳያል። የሌሊት ፈረቃና የሳምንት መጨረሻ ተቀጣሪዎች ሁልጊዜ ይረሳሉ፤ ከነሱ ይጀምሩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የዋናው ሼፍ እጅ ያስተምራል። ሼፉ በጣቱ የሚቀምስ ከሆነ፣ አንድ ሰው ወደ ቧንቧው ሲሄድ «ቶሎ በል!» የሚል ከሆነ፣ ያሠለጠኑት ሁሉ በዚያች ቃል ይሰረዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሼፉና ከምክትሉ ጋር ለብቻ ይቀመጡ፤ አንድ ነገር ይስማሙ፦ ሰዓትና ንጽሕና ሲጋጩ ሳህኑ አንድ ደቂቃ ይዘገያል። ሼፉ ይህን በግርግር መካከል በአፉ ሲናገር ሁለት ጊዜ ከተሰማ ወጥ ቤቱ ያምናል። ለአስተናጋጆቹም ይንገሩ፤ ጫናው የሚመጣው ከነሱ መስኮት ነው።

ሲያርሙ እዚያው፣ ወዲያው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ድርጊቱን ብቻ። «ዶሮውን ይዘህ ነበር፤ እጅ» ይበቃል። «አንተ ሁሌ እንዲህ ነህ» ያለ ሰው ጠብ ጀመረ እንጂ አላረመም። ሲያመሰግኑም እንዲሁ በትክክል፦ «ትሪውን እንዳስቀመጥሽ ሄድሽ፤ አየሁ።» «ጎበዞች ናችሁ» የሚለው ግን ለማን፣ ለምን እንደሆነ አይታወቅም።

ቅጣቱ ለምን አልሠራም? ሰው ቅጣትን የሚከላከለው በመታጠብ ሳይሆን ባለመታየት ነው። ከደመወዝ የሚቀጣ ወጥ ቤት ሦስት ነገር ያተርፋል፦ የተደበቀ በሽታ፣ የውሸት መዝገብ፣ እና ስህተቱን አይቶ ዝም የሚል ባልደረባ። ቅጣት ለአንድ ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ መዝገብ ላይ ሆን ብሎ መዋሸት። ካሜራ ደግሞ ከሆነ በኋላ ያሳያል፤ ሠራተኛው ካሜራው የማያይበትን ማዕዘን በሁለት ቀን ይማራል። ገንዘቡን ለሁለተኛ መታጠቢያና ለአራት ቴርሞሜትር ያውሉት።

ስለ ፍሪጅ መዝገቡ፦ ወሩን ሙሉ «4፣ 4፣ 4፣ 4» የሚል፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ጽሕፈት የተሞላ ወረቀት ካዩ የተሞላው በአንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ ነው። እውነተኛ መዝገብ ይዘበራረቃል፤ በርካታ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ 7 ይላል። የወረቀቱን መስመሮች በግማሽ ይቀንሱ፣ «ከ5 በላይ ሲሆን ምን አደረግህ?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨምሩ፣ 7 ብሎ የጻፈውን ሰው ያመስግኑ። ይህን ካደረጉ ቁጥሩ እውነት ይሆናል።

ሁለተኛው ዙር

ሲደርሱበት ይዘርዝሩት፤ እዚህ ስህተት የሚበዛበትን ብቻ ልጥቀስ። ቴርሞሜትር፦ ዶሮ መሀሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ብረቱ ወፍራሙ ቦታ ላይ አጥንት ሳይነካ ይግባ፤ ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ይጸዳ። ቀለምና የሥጋው ውሃ መጥራት አይታመኑም። አብሳዮች መጀመሪያ ገምተው ከዚያ እንዲለኩ ያድርጉ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ቴርሞሜትሩን ራሳቸው ይፈልጉታል። መሣሪያው ትክክል መሆኑን በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውሃ ይፈትኑ፣ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ መፈተን ያሳስታል፤ ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ምግብ የሚቀመጥበት ማሞቂያ 60 ላይ ያቆያል እንጂ አያሞቅም፤ ቀዝቃዛ ነገር በቀጥታ አይገባበት።

በረኪና፦ መጠኑ የሚለካው በአፍንጫ ስለሆነ ይበዛል ወይም ያንሳል። መለያው 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለጠረጴዛና ለመክተፊያ በ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ይህ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። ባልዲው ላይ የ10 ሊትር መስመር ያስምሩ፣ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መስፈሪያ በክር ይሰሩበት። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሲደፈርስ ወይም በየጥቂት ሰዓቱ ይቀየር። ሳይታጠብ በቀጥታ በረኪና ማድረግ ከንቱ ነው፤ ቅባትና የምግብ ቅሪት ክሎሪኑን ይበላዋል፤ መጀመሪያ ሳሙና፣ ከዚያ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በረኪና፣ ከዚያ በአየር ማድረቅ። ትውከት የነካው ወለል ብዙ የጠነከረ ይፈልጋል፣ በሊትር ቢያንስ 20 ሚሊ ሊትር። ከአሲድነት ካላቸው የመጸዳጃ ማጽጃዎች ወይም ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የፍሪጅ አደራደር ቀላል ነው፤ ሳይበስል የሚቀርበው ከላይ፣ ጥሬ ዶሮ ከሁሉም በታች። አለርጂ ግን የተለየ ልማድ ነው፤ ኦቾሎኒን ወይም ወተትን እሳት አያጠፋውም፤ መፍትሔው አስተናጋጁ ትእዛዙን ለአብሳዩ በቃሉ ነግሮ አብሳዩ መልሶ እንዲደግምለት ማድረግ ነው።

አዲስ የሚቀጠር ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ሦስቱን የዙሩን ነገሮች ብቻ ይማር፤ ከጎኑ የሚቆም አንድ ነባር ሠራተኛ ይመደብለት፤ ፊርማው ሰምቻለሁ በሚል ሳይሆን አድርጎ አሳይቷል በሚል ነባሩ ይፈርም። ነባሩ ማስተማሩ ራሱን ያድሰዋል፤ ይህም ለእርስዎ ነጻ ሥልጠና ነው።

የመጀመሪያውን የጭረት ቆጠራ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ይቀጥሉ፣ ውጤቱን ለሁሉም እንደ አንድ ቁጥር ይለጥፉ። ከ20 ውስጥ 16 ላይ ደርሶ ለሦስት ሳምንት ከቆየ ቀጣዩን ሦስት ይጀምሩ፤ ቆጠራውን ግን አያቁሙ። አንድ ቀን ቁጥሩ በድንገት ሲወርድ ሠራተኞቹን ከመሰብሰብዎ በፊት ሄደው የሳሙና ማስቀመጫውን ይጫኑት፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ያገኙታል።